ከመስቀል እስከ ገና፦ የመጸው ሥራ መመሪያ ለገበሬ ቤተሰብ

መጸው መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። ዝናቡ ያባራል፣ ሜዳው አደይ ይለብሳል፣ ላሟ ጠግባ ትገባለች፣ ልጆች እሸት ይጠብሳሉ፣ ከቀፎው ማር ከማሳው እህል ይገባል። በደጋና በወይና ደጋ የሚኖር አነስተኛ ገበሬ ሁሉ ነገር እንዲህ ሞልቶ የሚያይበት ሌላ ወቅት የለውም። ሲሞላ ግን የሚጎድልበት ቀን አይታሰብም። መጋቢት ላይ የከብቱ አጥንት ሲቆጠር፣ ሰኔ ላይ በሬው ቀንበር ሲከብደው፣ ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት መነሻው ብዙ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይገኛል፤ ሣሩ ጊዜው አልፎ ታጭዷል፣ እህሉ ሳይደርቅ ገብቷል፣ ከብቱ ሳይታከም በጋውን ተቀብሏል።

ይህ መመሪያ የሦስቱን ወራት ሥራ በየተራው ያስቀምጣል። ጊዜዎቹ ለወይና ደጋ የሚስማሙ ናቸው። ቀያችሁ ከፍ ያለ ደጋ ከሆነ አዝመራው ስለሚዘገይ በዚያው ልክ ወደፊት ግፏቸው።

1. ከሁሉ በፊት ቁጠሩ (መስከረም መጨረሻ)

ማጭድ ከመሳላችሁ በፊት ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ሁለት ነገር አስሉ፤ የከብቱን መኖና የቤተሰቡን ቀለብ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ ደብተር ይዞ ይጻፍ።

መኖ፦ 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የአገር ከብት በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ያሉት 180 ቀናት ሲታሰቡ ለአንድ ከብት ወደ 11 ኩንታል ይደርሳል። ሁለት በሬና አንድ ላም ያለው ቤት 33 ኩንታል ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን ከሦስት ሩብ እስከ አንድ ኪሎ ይበላል፤ አምስት በግ ካላችሁ ሌላ ከ7 እስከ 9 ኩንታል ጨምሩ። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብቱ በማሳው ላይ ለቅሞ የሚበላውን ከዚህ ትቀንሳላችሁ፤ እሱም ቢሆን ከየካቲት አያልፍም ብላችሁ ያዙት።

ሣርን በኩንታል መለካት ከከበዳችሁ አንድ የሰው ሸክም ወይም አንድ የአህያ ጭነት አንድ ጊዜ በሚዛን መዝኑ። ከዚያ ወዲህ ሸክም መቁጠር ይበቃል።

ቀለብ፦ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያዙ። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በዓመት 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ ይወጣዋል። በዚህ ላይ ለዘር የሚቀመጠውን ደምሩ፤ በብተና ለሚዘራ አንድ ሄክታር ጤፍ ከ25 እስከ 30 ኪሎ፣ ለስንዴ 150 ኪሎ ያህል። ለዝክር፣ ለማኅበርና ለሠርግ የሚወጣውንም አትርሱ። ገበያ የሚወጣው ከእነዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።

2. ሣሩን ከነጉልበቱ እጨዱ (ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት)

ከመጸው ሥራ ሁሉ በብዛት ጊዜው የሚያልፍበት ይህ ነው። ሣሩ ኅዳር ላይ ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነዶ ያስራል፤ ነገር ግን ምግብነቱ ወደ ፍሬው ሄዶ ረግፏል፣ የቀረው አገዳ ነው። ትክክለኛው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ሣር ማበብ ሲጀምር ነው። ማገጥ የተቀላቀለበት ሜዳ ካላችሁ ደግሞ ቅድሚያ ስጡት፤ ማገጥ እንደ አተርና ባቄላ ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ ለወተት ላምና ለጥጃ የሚሆን የተሻለ ገንቢ ምግብ አለው።

አጨዳው እንዲህ ይሂድ፦

- ጠዋት ጤዛው ከተነሣ በኋላ ጀምሩ። በአንድ ቀን ልታገላብጡ ከምትችሉት በላይ አትጨዱ።
- ያጨዳችሁትን እዚያው ስስ አድርጋችሁ በትኑ። ቀትር ላይ በመንሽ አገላብጡ።
- ማታ ጤዛ እንዳይመታው በትንንሽ ክምር ሰብስቡ፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲሞቅ እንደገና በትኑ።
- ፀሐዩ ጥሩ ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይደርቃል። ከዚያ በላይ ፀሐይ ላይ ካቆያችሁት ቅጠሉ ይረግፋል፣ አረንጓዴነቱም ይጠፋል።

መድረቁን በዓይን ብቻ አትፍረዱ። አንድ ጭብጥ ሣር ያዙና እንደ ገመድ አክርራችሁ ጠምዝዙት። ከተንኮሻኮሸና አገዳው መሰባበር ከጀመረ ደርሷል፤ እጃችሁ ላይ ርጥበት ከተወ ገና ነው። ቀጥሎ ወፍራሙን አገዳ መርጣችሁ አንጓውን በጥፍር ፋቁት። ልጡ ከተላጠ ውስጡ ውኃ አለ፤ ሌላ ግማሽ ቀን ፀሐይ ያስፈልገዋል። በደንብ የተዘጋጀ ድርቆሽ ደርቆም አረንጓዴነቱን አይለቅም፣ ሽታውም ደስ ይላል።

ክምሩን መሬት ላይ አታሳርፉት። ድንጋይ ደርድራችሁ በላዩ እንጨት ረብርቡ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ካለ ርጥበትም ምስጥም በቀላሉ አያገኘውም። መሐል ላይ ምሰሶ ትከሉ፣ ዙሪያውን እየረገጣችሁ ከምሩ፣ አናቱን አሹሉት፣ በሰንበሌጥ ወይም በሸራ ክደኑት፣ በእሾህ እጠሩት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ረጅም ብረት ወደ መሐሉ ሰክታችሁ ቆይታችሁ አውጡና ዳስሱት። ብረቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ርጥብ ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ክምሩን አፍርሳችሁ አናፍሱት። ርጥብ ድርቆሽ ይሻግታል፣ ከራሱ ሙቀት የተነሣም እሳት ሊያነሣ ይችላል።

3. ከብቱን በጥጋቡ ወቅት አሳክሙ (ጥቅምት)

በጥቅምት ሁሉም ከብት የወፈረ ይመስላል፣ ስለዚህ ሕመሙ አይታይም። አራት ነገሮችን ተከታተሉ።

የሆድ መነፋት፦ በባዶ ሆዱ ጤዛ ያለበት ማገጥ ውስጥ የገባ ከብት ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ በሰዓታት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ጠዋት ከበረት ሳይወጣ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር አቅምሱት፤ ወደ ማገጥ ሜዳ የሚገባው ጤዛው ከተነሣ በኋላ ይሁን። ከተነፋ የፊት እግሮቹን ወደ ዳገቱ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እያቆማችሁም አራምዱት። ለትልቅ ከብት እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ቀስ እያላችሁ አጠጡት፤ አንገቱን ወደ ላይ አብዝታችሁ ካቃናችሁት ዘይቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ወዲያው ባለሙያ ጥሩ።

የጉበት ትል፦ ዝናቡ ሲያቆም ሣር ያለው ረግረግና ወንዝ ዳር ነው፤ ትሉም ያለው እዚያው ነው። በውኃ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ሣሩ ላይ ይወጣል፣ ከሣሩ ጋር ከከብቱ ሆድ ይገባል። ምልክቱ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ ከብቱ ይከሳል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ይነጣል፣ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል። ይህን ሳትጠብቁ በዝናቡ ማብቂያ ላይ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ውሰዱት። መድኃኒቱ እንደ ትሉ ዕድሜ ስለሚለያይ፣ አንዳንዱም ለእርጉዝ ላም ስለማይሆን ከገበያ በግምት ገዝታችሁ አታጠጡ። ወተቱ ስንት ቀን መጠጣት እንደሌለበትም ጠይቁ።

ክትባት፦ የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎሮርሳ ክትባት በአካባቢያችሁ መቼ እንደሚሰጥ ከቀበሌው ባለሙያ ጠይቃችሁ ቀኑን ያዙ። ከብት ድንገት ቢሞት፣ በተለይም ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም ቢታይ፣ ሥጋውን ለመካፈል አትቸኩሉ። አባ ሰንጋ ወደ ሰው ይተላለፋል። ቆዳውን አትግፈፉ፣ ለውሻም አትስጡ፤ ለባለሙያ ነግራችሁ በጥልቅ ቅበሩት።

መዥገር፦ ጆሮ ሥር፣ ጡት አካባቢና ጭራ ሥር በየሳምንቱ ፈትሹ። ይህ ለልጆች የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ መድኃኒት የሚረጨውም አዋቂ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው።

4. ማሩን ቁረጡ፣ ለንቡም አስቀሩ (ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር)

አደይና ማገጥ ሲያብቡ የገባው ማር ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይደርሳል። እንጀራው ከሦስት ሁለት እጁ በሰም ከተከደነ ለመቁረጥ ዝግጁ ነው፤ ያልተከደነ ማር ውኃ ስላለው ይኮመጥጣል። ሲመሽ፣ ደረቅ ኩበት እያጨሳችሁ በዝግታ ሥሩ። እጭ ያለበትን እንጀራ አትንኩ። ጥርና የካቲት አበባ የሚያንስበት ጊዜ ስለሆነ ማሩን ጠርጋችሁ አትውሰዱ፤ ሁሉ የተወሰደበት መንጋ ይራባል፣ ቀፎውን ትቶ ይሄዳል። ጉንዳን እንዳይወጣ የቀፎው መቆሚያ እግሮች ዙሪያ አመድ ነስንሱ።

5. አጨዳና ውቂያ (ኅዳርና ታኅሣሥ)

ዘሩን አስቀድማችሁ ምረጡ። ለከርሞ የሚዘራው እህል ከተወቃ በኋላ ከክምር የሚዘገን መሆን የለበትም። ቆሞ ሳለ ማሳው ውስጥ ግቡና ጠንካራ አገዳ፣ ሙሉ ዛላና ንጹሕ ፍሬ ያለውን ለይታችሁ እጨዱ፤ ለብቻው ይወቃ፣ ለብቻው ይቀመጥ። በዚህ ሥራ እናቶች ዓይን አላቸውና ምርጫው ከእነሱ ጋር ይሁን።

ባቄላ፣ አተርና ምስር ፍሬው እንዳይረግፍ በማለዳ ጤዛ ሳለ ይታጨዳሉ። ጤፍ አገዳው ቢጫ ሲሆን ይታጨድ፤ ከዘገየ ይረግፋል፣ ከቸኮለ ፍሬው ይጨማደዳል። ያለወቅቱ የሚጥል የኅዳር ዝናብ የዓመት ልፋት ያበላሻልና የሜትሮሎጂ ትንበያን በሬዲዮ ተከታተሉ። ነዶውን ማሳ ላይ አታሳድሩ። ዛላውን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ከምሩ።

አውድማውን ሣሩን ነጭታችሁ ጠርጉት፣ በእበት ለቅልቁት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የምትችሉ ከሆነ በላዩ ሸራ አንጥፉ። አፈርና ጠጠር የገባበት ጤፍ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፣ ቤት ውስጥም በማንጠርጠር የእናቶችን ጊዜ ይበላል።

ጉልበት ካጠረ ደቦ ወይም ወንፈል ጥሩ፤ ነገር ግን ቀኑን ቀድማችሁ ከጎረቤት ጋር ተስማሙ። የደቦው ጠላና እንጀራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቀው የሚያዘጋጀው ሰው ነውና ቀን የሚቆረጠው የቤት እመቤቷ ከተጠየቀች በኋላ ይሁን።

6. እህሉን ሳታደርቁ አታስገቡ

በጎተራ ውስጥ የሚጠፋው እህል አብዛኛው የሚጠፋው በርጥበትና በነቀዝ ነው። መድረቁን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ። ጥቂት ደቃቅ ጨው ምጣድ ላይ አድርቃችሁ አቀዝቅዙና ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት። የጠርሙሱን ሲሶ በቆሎ ወይም ስንዴ ሙሉበት፣ ክደኑት፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቁት፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ርጥበት ይዟል፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ እህል ወደ 13 በመቶ መውረድ ስላለበት አንድ ተጨማሪ ቀን ፀሐይ ስጡት። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት።

ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም። ስለዚህ ለማከማቻ የምታወጡትን ገንዘብ ለበቆሎ፣ ለማሽላ፣ ለስንዴና ለጥራጥሬ አውሉት። ለእነዚህ ጥሩ የሚሆነው ሁለት የላስቲክ ከረጢት ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ ያለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። እህሉን ሙሉ፣ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡ፣ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻው ጠምዝዛችሁ እሰሩ። ውስጥ የቀረ ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። ቢያንስ ለሁለት ወር አትክፈቱት። ከረጢቱ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ግድግዳ አይንካ፤ አንዲት የአይጥ ቀዳዳ ሥራውን ሁሉ ታበላሻለች።

ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ እንክብል ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። ጋዙ የተኙትን ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናትን ይገድላል። የሻገተ እህልም ለሰው አይሆንም፤ ለዶሮም ለላምም አትስጡት፤ መርዙ በወተት በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል።

7. ጭዱን አሻሽሉ

የጤፍ ጭድ ለብቻው ይከመር፤ ለከብት ከስንዴና ከገብስ ገለባ ይሻላል፣ ለቤት ምርጊትም እሱ ነው የሚፈለገው። የስንዴና የገብስ ገለባ በዩሪያ ሊታከም ይችላል። ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ በደንብ አሟሙ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ላስቲክ አንጥፉ፣ ገለባውን በየንጣፉ እያርከፈከፋችሁ ርገጡ፣ አየር እንዳይገባው ሸፍናችሁ 21 ቀን ተዉት። ሲከፈት የሚወጣው ሽታ እንዲተን የዕለቱን ማታ አውጥታችሁ አናፍሱና ጠዋት ስጡ። በትንሽ ጀምራችሁ ጨምሩ። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አይሰጥም። ለገለባው ያልዋለውን ዩሪያ ወይም የተሟሟበትን ውኃ ከብት ከቀመሰ ይመረዛልና ከረጢቱን ቆልፉበት።

8. ጾሙን ተጠቀሙበት (ከኅዳር 15 ጀምሮ)

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል። በጾሙ የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፣ ገና ሲቃረብ ይወጣል። እንቁላል በርካሽ ከምትሸጡ ኅዳር ላይ ዶሮ አስታቅፉ። በ21 ቀን የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ዝናብና ጭቃ ሳያገኛቸው ያድጋሉ። ወተቱን ንጣችሁ ቅቤ አውጡ፣ አንጥራችሁ ለበዓሉ አቆዩት፤ ሕፃናትና የታመሙ ግን ወተታቸው አይቅርባቸው።

ፈንግል አንዴ ከገባ ቆጥ ያራቁታል። ቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት በጤና ኬላው በኩል ጠይቁ፤ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ የመንደሩን ዶሮ በአንድ ቀን አስከትቡ። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን የሌለበት የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ይሁን፣ ክትባቱ ከቅዝቃዜ አይውጣ፣ የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጣ።

9. ግቢውን አጽዱ፣ የሚበሰብሰውን አታቃጥሉ

ኅዳር 12 ቆሻሻ አውጥቶ ማጠን በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። ላስቲኩንና የማይበሰብሰውን ለዩት። አረም፣ ገለባና የበረት ጥራጊ ግን የከርሞ ማዳበሪያ ነው። አንድ ስንዝር አረምና ገለባ፣ በላዩ ስስ እበት፣ በላዩ ጥቂት አፈርና አመድ እያደረጋችሁ ደርድሩ፣ ውኃ አርከፍክፉ፣ ሸፍኑ፣ በየወሩ አገላብጡ። ኅዳር የተሠራ ብስባሽ ለዘር ወቅት ይደርሳል። እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ከተቃጠለ ማሳው ባዶ እጁን ይቀራል።

10. ሥራውን በፍትሕ ተካፈሉ

በመኸር ወቅት ልጅን ከትምህርት ማስቀረት የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ከብት መመለስ፣ ዶሮ መቁጠር፣ ሸክሙን በደብተር መጻፍ ከትምህርት መልስ ይሠራል። ሰብል ለመጠበቅ በማሳ ጎጆ የሚያድር ወይም ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው አጎበር ይዞ ይሂድ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ትኩሳት ከጀመረው አዝመራው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የመጨረሻው ቁጥጥር (ታኅሣሥ አጋማሽ)

ደብተሩን አውጡና መስከረም ላይ ካሰላችሁት ጋር አስተያዩት።

- ድርቆሹና ጭዱ ስንት ሸክም ሆነ? ለስንት ከብት ለስንት ቀን ይበቃል?
- የዓመቱ ቀለብና ዘሩ ተለይቶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ተቀምጧል?
- ከብቱ ታክሟል? ዶሮው ተከትቧል?
- ብስባሹ ተደርድሯል?

መኖው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ውሳኔው ዛሬ ነው። አሮጌዋን ላም፣ የማትወልደዋን በግ፣ የተረፈውን ወይፈን ሥጋው ሳለ ለገናና ለጥምቀት ገበያ አውጡት። ያው ከብት መጋቢት ላይ ከስቶ በግማሽ ዋጋ ከሚሸጥ፣ እስከዚያም የሌሎቹን መኖ ከሚበላ፣ አሁን ተሸጦ ገንዘቡ ለዘርና ለልጆች ደብተር ቢውል ይሻላል። የቀሩት ጥቂት ከብቶች ጠግበው ሰኔን ከደረሱ በሬው ያርሳል፣ ላሟም ትታለባለች።